ከአሥሩ ሁለቱ

ቦሌ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ስትወጣ የሚናደድ ሰው አይታችሁ የምታውቁ አይመስለኝም። እኔ ግን ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ከሃያ ሁለት እስከ ኤርፖርት ድረስ ፀሐይዋን እየሰደብኩ ሄጃለሁ። ጨርቋን ጥላ ያበደች ናት እንዳትሉኝ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ። የምሠራው ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ ቢሮ በተከራየ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራችን የአየር ጠባይ ትንበያን ለገበሬዎች በስልክ መልእክት ማድረስ ነበር። ወቅት በተለወጠ ቁጥር ስለ መጪዎቹ ወራት የሚተነብይ ወፍራም ወረቀት ይመጣልናል። ካርታ አለው፣ ሠንጠረዥ አለው፣ በየመስመሩ «ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል አለው። የእኔ ድርሻ ያንን ሁሉ ጨምቄ፣ ገበሬ በሚገባው አማርኛ፣ በአንዲት አጭር መልእክት ልክ መጻፍ ነው።

በማሳጠር ደግሞ የሚችለኝ አልነበረም። አለቃችን በስብሰባ ላይ «ለአበቡ መጽሐፍ ብትሰጧት በአንድ መስመር ትመልስላችኋለች» ይሉ ነበር። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ወንበሬ ላይ ቀጥ እላለሁ። የገበሬ ልጅ መሆኔም ያኮራኝ ነበር፤ የቢሮው ልጆች ነዶና ክምር የማይለዩ ከተሜዎች ናቸው። «ገበሬ ቁርጡን ነው የሚፈልገው፤ ምናልባት ምንትስ ስትሉት ግራ ይገባዋል» እያልኩ የማስተምራቸው እኔው ነበርኩ። ይቺን ንግግሬን ያዙልኝ።

እናትና አባቴ ላስታ ናቸው። አገራችን ተራራ ነው፤ ድንጋዩ ከአፈሩ የሚበዛ ደረቅ ደጋ። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ተጣድፎ ይወጣል። የዓመቱ ቀለብ የሚበቅለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ገብስ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ዝናብ የሚመኝ ሰው የለም። በጋው ደረቅ በጋ እንዲሆን ነው የሚጸለየው፤ ምክንያቱም የደረሰ ገብስ ላይ በረዶ ከወረደ የዓመት ልፋት አፈር ገባ ማለት ነው።

ቤታችን ኔትወርክ የለም። አባቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለችው ጉብታ ላይ ይወጡና ከዚያ ሆነው ይደውሉልኛል። ከዚያች ጉብታ ሲወርዱ ስልካቸውን ያጠፉታል፤ ባትሪው ለሳምንት መድረስ አለበት። ስለዚህ እኔና አባቴ በሳምንት አንዴ ነው የምንገናኘው። ወሬያችንም አጭር ነው፤ ደህንነት ተጠያይቀን፣ ስለ ከብቱ አውርተን፣ ተመራርቀን እንለያያለን።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል በአንዱ እሑድ ደወሉ።

«አበቡ፣ ደህና ሰነበትሽ ወይ ልጄ?»

«ደህና ነኝ አባዬ፣ እርስዎስ? እማዬስ?»

«ተመስገን። ስሚኝማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የወንፈሉ አንደኛ ዕጣ ዘንድሮ ለእኔ ወጣ።»

ወንፈል ለማታውቁ፣ ጎረቤታሞች ተሰባስበው ዛሬ ያንዱን፣ ነገ የሌላውን እያሉ በተራ የሚያጭዱበት መተጋገዝ ነው። የእኛ ወንፈል አሥራ ሁለት ቤት ነው። ተራው በዕጣ ይወጣል፤ አንደኛ የወጣለት ሰው እህሉን ቶሎ አንስቶ፣ ከምሮ፣ እፎይ ብሎ ይተኛል።

«ዘውዲቱ ግን መጥታ ለመነችኝ» አሉ አባቴ። እትዬ ዘውዲቱ ከማሳችን ሥር ያሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን ናቸው። «ልጇ ወረዳ ከተማ ልትወልድ ነው። ሄዳ ልታርሳት ትፈልጋለች፤ የእሷ ዕጣ ደግሞ መጨረሻ ነው የወጣው። እንለዋወጥ ነው የምትለኝ። ከሰጠኋት የኔ ገብስ እስከ ኅዳር አጋማሽ ሊቆም ነው። አንቺ ያለሽው ሰማይ የሚነበብበት ቤት ነው። ዝናብ አለ ወይስ የለም? በአንድ ቃል ንገሪኝ።»

ያንን ወረቀት ከሦስት ቀን በፊት አሳጥሬው ነበር። ለእኛ አገር የተጻፈው እስከ ዛሬ ቃል በቃል ትዝ ይለኛል። ዕድሉን ለአሥር ብናካፍለው፣ አምስቱ ከወትሮው የደረቀ በጋ ነው፤ ሦስቱ እንደ ወትሮው ነው፤ ሁለቱ ግን ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ለአባቴ አሥርና አምስት፣ ሦስትና ሁለት ብዬ ልጀምር? ቁርጡን ነው የጠየቁኝ።

«የለም አባዬ» አልኩ። «ይስጧት።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

መረቁኝና ተለያየን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። አስተምረው ለዚህ ያበቁኝ አባት ምክር ሲጠይቁኝ ኮራሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ገባሁ። የወንፈሉ ተራ አባቴ ዘንድ ሊደርስ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶታል፤ እሑድ ስንገናኝ «ሐሙስ የእኛ ነው» ብለውኛል። አቶ ደምሴ ከኮምፒውተራቸው ፊት ቆመው አገኘኋቸው። አቶ ደምሴ ዕድሜያቸውን በሙሉ የአየር ትንበያ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ለእኛ ደግሞ አማካሪ የሆኑ ሰው ናቸው። ተቀምጠው እንጂ ቆመው ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም።

«ምነው አቶ ደምሴ?»

«ነይ እስቲ እይው።»

ስክሪኑ ላይ ከሳተላይት የመጣ የደመና ምስል አለ። የአገሪቱ አብዛኛው ክፍል ባዶ ነው። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ግን አንድ ነጭ ነገር ተነሥቷል።

«ከቀይ ባሕር በኩል እርጥበት ገብቷል» አሉ። «ተራራው ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ይገፋዋል። የአናቱ ንጣት እየጨመረ ከሄደ በረዶ አለው ማለት ነው።»

«የት ላይ ነው የሚያርፈው?»

የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ግራ ጎተቱት። ጣታቸው የቆመበትን ቦታ ለማወቅ ካርታ አላስፈለገኝም።

አዲስ ምስል የሚመጣው በየሩብ ሰዓቱ ነው። እዚያ ቆሜ ሩብ ሰዓት ስጠብቅ ነው ጊዜ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ያወቅኩት። ምስሉ ሲለወጥ ደመናው ትንሽ ይጠጋል። ሌላ ሩብ ሰዓት፣ ትንሽ ይጠጋል። አንዱን ምስል ከሌላው እያነጻጸርኩ «ወደ ሰሜን የታጠፈ አይመስልዎትም?» እላቸዋለሁ። አቶ ደምሴ መዋሸት አይችሉም፤ «አይመስለኝም» ይሉኛል።

ስልክ መደወል ጀመርኩ። የአባቴ ዝግ ነው። ማክሰኞ ነዋ። የቄሱ አይሠራም። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም። አሥር ጊዜ ሳልደውልለት አልቀረሁም። በኋላ እንደሰማሁት ሰውየው ስልኩን ቻርጅ እንዲደረግለት ወረዳ ከተማ ልኮት ነበር።

«ለመሆኑ ብታገኚያቸው ምን ትያቸዋለሽ?» አሉኝ አቶ ደምሴ።

«እጨዱ እላቸዋለሁ!»

«ስንት ሰዓት ቀራቸው? ቢበዛ አራት። ስንት ሰው ናቸው?»

«ወንፈሉ ዛሬ ሌላ ማሳ ላይ ነው፤ ግን ቢጠሩት ይመጣል። ሃያ ሰው ይሆናል። አራት ሰዓት ለሃያ ሰው ብዙ ነው አቶ ደምሴ!»

ይህን ስናገር ነው ያቃጠለኝ። የሚያድን ጊዜ አለ፤ የሚያድኑ እጆችም አሉ። የጎደለው ሄዶ የሚነግር ሰው ብቻ ነው። የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ቁጭ ያልኩትም ከኬክ ቤት በላይ ነው።

በመጨረሻ የእትዬ ዘውዲቱን ልጅ አሰብኳት። አብሮ አደጌ ናት፤ ስልኳ ነበረኝ። ወረዳ ከተማው ኔትወርክ አለው። ደወልኩ። ያነሱት እናትየዋ ናቸው።

«አበቡ! የኔ ዓለም! በምን ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«ወለደች እኮ! ሴት ልጅ! ትናንት በሰላም ተገላገለች። ሁሉም በአባትሽ ነው። ተራውን ባይሰጠኝ ኖሮ ገብሴን ጥዬ እንዴት እመጣ ነበር? አሁን እህሌ ተከምሯል፣ ልጄም አጠገቤ ናት። ጠዋት ማታ ስሙን እየጠራሁ ነው የምጸልይ።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አልኩ። ከዚያ እንደምንም ብዬ ጠየቅኩ፤ «እትዬ ዘውዲቱ፣ ሰማዩ እንዴት ነው?»

«እዚህ ፀሐይ ነው። ወደኛ በኩል ግን እንዴት ጠቁሯል! ምነው?»

«ከዚያ እኛ መንደር ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በበቅሎም ቢሆን?»

«በበቅሎ ቢሆን አምስት ሰዓት። ምነው አበቡ? ሰው ታመመ?»

«አይ፣ ምንም። እንዲያው ነው የጠየቅኩ።»

ምን ልበላቸው? አራስ ቤት ናቸው። ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማኛል። በዚያ ደስታ ላይ «ዕጣ በመለዋወጣችሁ የአባቴ ገብስ ሊጠፋ ነው» ልበል? መርቄ ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ መቆም አልቻልኩም። ደረጃውን ወርጄ ወጣሁ። ሃያ ሁለት እንደ ሁልጊዜው ትርምስ ነው። ወያላው ይጮሃል፣ ሰዉ መነጽር አድርጎ ውጭ ተቀምጦ ማኪያቶ ይጠጣል። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። እንዴት እንደተናደድኩ! ይህች ፀሐይ እዚህ ለማን ትወጣለች? ለአስፋልት? በዚህ መሐል አንድ አውሮፕላን ከላዬ አለፈ። እኛ የቦሌ አካባቢ ሰዎች የአውሮፕላን ድምፅ ቁም ነገራችን አይደለም፤ ቀና ብለን እንኳ አናይም። ያን ቀን ግን ቀና አልኩ፤ ወደ ላስታ የሚሄደው አውሮፕላን አንድ ሰዓት ብቻ እንደሚፈጅበት ትዝ አለኝ።

ታክሲ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ኤርፖርቱ ደጅ ወዳለው የቲኬት ቢሮ ሮጥኩ። መስኮቱ ላይ አንዲት እርጋታዋ የሚያስቀና ልጅ ተቀምጣለች።

«ዛሬ ላሊበላ የሚሄድ አውሮፕላን አለ?»

«የዛሬው ጠዋት ሄዷል። ነገ ጠዋት አለ።»

«ከነገ በፊትስ?»

«የለም። ምነው እህቴ፣ ለቅሶ ነው?»

«አይደለም። በረዶ ሊወርድ ነው።»

በመስታወቱ አሻግራ ሰማዩን አየች። «እዚህ?»

«አይ፣ እዚያ።»

«ታዲያ በረዶ ከሆነ ባትሄጂ አይሻልም?» አለችኝ፣ ከልቧ አዝና።

ልክ ናት። ብሄድስ ምን ላደርግ? በሁለት እጄ ማሳውን ልከድነው? አመስግኛት ወጥቼ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬ ጠራ፤ አቶ ደምሴ ናቸው።

«የት ነሽ?»

«ኤርፖርት።»

ምን ትሠሪያለሽ አላሉኝም። «ተመለሽ ልጄ» አሉኝ። «ቆሟል።»

«ምኑ?»

«ደመናው። ላያቸው ላይ ቆሟል። አናቱ ወተት ሆኗል።»

ሰዓቴን አየሁ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። በዚያች ደቂቃ አባቴ የት እንደሆኑ አሰብኩ። የሌላ ሰው ማሳ ላይ ጎንበስ ብለው እያጨዱ ነው፤ ነጎድጓዱ ሲሰማ ቀና ይላሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ራሳቸው ማሳ ያዞራሉ። ከዚህ በላይ ማሰብ አልቻልኩም። ፀሐዩ ጀርባዬን እያቃጠለኝ እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ከማክሰኞ እስከ እሑድ ያሉትን ቀናት አልነግራችሁም። ማንም አልተገኘም። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፤ እህል አይወርድልኝም። እሑድ ጠዋት ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። አባቴ በሰዓታቸው ደወሉ።

«አበቡ፣ ደህና ሰነበትሽ ወይ ልጄ?»

እንደ ሁልጊዜው ነው። ስለ ጤናዬ ጠየቁ፣ ስለ ጓደኛዬ ጠየቁ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁ። በመጨረሻ እኔው አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ገብሱስ?»

የጉብታው ነፋስ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«አልተረፈም» አሉ።

«ምንም?»

«ካቡ ሥር ጥግ ላይ ያለችው ቀርታለች። ሌላው ራስ ራሱን ጥሏል፤ አገዳው ነው የቆመው። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም እኮ። እናትሽ መሬቱን በመጥረጊያ እየጠረገች ፍሬ ትለቅማለች። ተይ ብላት እንቢ አለች።»

«ሰዉ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ለዘውዲቱ አዝኜ ተራዬን እንደሰጠሁ ነው የሚያውቅ። ያንቺን ቃል ለማንም አልተናገርሁም።»

ይህን ጊዜ እንባዬ መጣ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ትንበያ ይሳሳታል ብዬ በወረቀቱ ማሳበብም እችል ነበር። ወረቀቱ ግን አልተሳሳተም።

«አባዬ፣ ወረቀቱ ላይ ሌላ ነገርም ነበረ» አልኩ።

«ምን?»

«ከአሥር እጅ ስምንቱ ችግር የለም ይላል። ሁለቱ ግን ዝናብ ሊመጣ ይችላል ይላል።»

«ሁለቱ?»

«ሁለቱ።»

«ያኔ ስጠይቅሽ ታውቂው ነበር?»

«አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«በአንድ ቃል ንገሪኝ አሉኝ እኮ አባዬ!»

ነፋሱን እንደገና ሰማሁት።

«አይ አበቡ» አሉ። «በአንድ ቃል ያልሁሽ እኮ ካርዱ ሊያልቅብኝ ስለነበር ነው።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

«ሁለቱን ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ተራዬን ያው እሰጣት ነበር። ግን ከወንፈሉ ስመለስ፣ ጀምበር እስክትጠልቅ ከእናትሽ ጋር ትንሽ ትንሽ እያጨድን ግማሹን እናነሳው ነበር። እኛ እኮ ዕድሜያችንን በሙሉ ከነዚያ ሁለቱ ጋር የኖርን ሰዎች…»

መስመሩ ተቋረጠ። ካርዱ አለቀ። መልሼ ስደውል ስልካቸውን አጥፍተው ከጉብታው ወርደዋል።

ያን ዓመት ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ተሸጠ። አባቴ የቀረውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው አረሱ። ዘሩን የሰጡን እትዬ ዘውዲቱ ናቸው። እኔም የምችለውን ላኩ፤ ግን እናቴ መሬት እየጠረገች ፍሬ የለቀመችበትን ቀን የሚመልስ ነገር የት ይላካል?

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ሐኪም ናችሁ፣ ምናልባት ቢሮ ውስጥ ከጠረጴዛ ጀርባ የምትቀመጡ፣ ምናልባትም እንደ እኔ ተምራችሁ እቤታችሁ የምትጠየቁ ልጆች። ለሰው ስትመልሱ «ይሄ አይገባውም» ብላችሁ የምታስቀሩት ነገር እንዳለ ልባችሁ ያውቀዋል። እኔ አባቴን እወዳቸዋለሁ፣ አከብራቸዋለሁም እል ነበር። ግን የሚሸከሙትን ልክ እኔ ለካሁላቸው። አሥር ጣት ያላቸው ሰውዬ እስከ አሥር መቁጠር የሚከብዳቸው መስሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

በሥራዬም ከአለቃችን ጋር ተጨቃጭቄ መልእክቱ ላይ ሁለተኛ መስመር አስጨምሬአለሁ። ያቺ መስመር ያነሰውን ዕድል ትናገራለች። በማሳጠር ችሎታዬ ከዚያ ወዲህ ያመሰገነኝ የለም፤ ደግሞም አልፈልገውም።

እሑድ እሑድ አሁን የምደውለው እኔ ነኝ። ዘንድሮም የበጋው ወረቀት እንደ ደረሰ፣ አባቴ ጉብታው ላይ በሚወጡበት ሰዓት ደወልኩና ሁሉንም አነበብኩላቸው።

«ከአሥር ስድስቱ ደረቅ ነው። ሦስቱ እንደ ወትሮው።»

«እ?»

«አንዱ ዝናብ።»

«አንዱ አለ?»

«አለ አባዬ።»

«እንግዲያ ማጭዴን ልሳላት» አሉ።

ከዚያ ስለ ጥጃዋ ጠየቅኳቸው። ስለ እትዬ ዘውዲቱ የልጅ ልጅ ነገሩኝ፤ መሮጥ ጀምራለች አሉ። ካርዱ የኔ ስለነበር ረጅም ሰዓት አወራን።